ዋስ የሚያጣሩት አቶ ይማም

አቶ ይማም ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው። አቀስታ ልጃቸው ዘንድ ታመው ሰንብተው ነበር። ጠዋት አረፉ፤ በዚያው ቀን እዚያው ተቀበሩ። ወሬው እኛ ዘንድ መካነ ሰላም የደረሰው በማግስቱ፣ የጠዋቱ ሚኒባስ ሾፌር ለነጋዴዎቹ ሲነግራቸው ነው። እኔ ገበያ መሃል ሽንኩርት እየመረጥኩ ነበር። የመረጥኩትን መልሼ አስቀምጬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ቤት ገብቼ መቀመጥ አልሆነልኝም። የታጠበ ዕቃ አውጥቼ ደግሜ አጠብኩ። እንደገና ወጣሁ፣ እስከ መናኸሪያው ሄድኩ፣ ተመለስኩ። ቀብሩ አልፏል፤ የምሄድበት ቦታ አልነበረኝም።

ለቅሶ የምንቀመጠው ባለቤታቸው ከአቀስታ ሲመለሱ ነው ተባለ። በመሃል ያሉትን ሁለት ቀኖች ስለ እሳቸው የምናገረውን በልቤ ስጀምርና ስተው ዋልኩ። ስለ እኚህ ሰው የከተማው ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር አለ። እኔ የማውቀው ሌላ ነው። ሁለቱ ነገሮች ለስድስት ዓመት ጎን ለጎን ኖረዋል፣ እኔም ዝም ብዬ ኖሬአለሁ።

አብረን የሠራነው በወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው። እሳቸው የንግድ ፈቃድ ሠራተኛ ነበሩ፣ እኔ መዝገብ ቤት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ የተቀጠርኩት እዚያ ነው፤ ጡረታ የወጣሁትም ከዚያው ነው። የእሳቸው ጠረጴዛ ከእኔ መስኮት ፊት ለፊት ነበር። ወንበር ነበራቸው፣ ወንበሩ ላይ የሚቀመጠው ግን ባለጉዳዩ ነው። እሳቸው ቆመው ይጽፋሉ፣ ቆመው ያነባሉ። ረጅምና ቀጭን ነበሩ፤ አንገታቸውን ወደ ወረቀቱ ሰበር ሲያደርጉ ውሃ የምትጠጣ ሽመላ ይመስላሉ እያሉ ሠራተኞቹ ይስቁባቸዋል። እግራቸው አያርፍም። አንድ ማመልከቻ አንብበው እስኪጨርሱ ከጠረጴዛው እስከ በሩ አራት አምስት ጊዜ ይመላለሳሉ። አንድ ቀን ኃላፊያችን፣ እባክዎ ይቀመጡ፣ እርስዎን ሳይ እኔን ደከመኝ ቢሏቸው፣ እርስዎ ለሁለታችንም ተቀምጠውልናል ብለው መለሱላቸው። ኃላፊው ሳቁ። ያኔ ገና ይስቁ ነበር።

አንዳንዱ የንግድ ፈቃድ ያለ ዋስ አይሰጥም። የሰው ገንዘብ ወይም የሰው ዕቃ በእጁ የሚያድር ሰው፣ ደላላም ይሁን ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ቤት ያለው ዋስ ያቀርባል። ዋሱ የቤቱን ካርታ ያመጣል፣ ባለትዳር ከሆነ የሚስቱ ፊርማ ይጨመርበታል። ለሌላው ሠራተኛ ፊርማው ካለ ነገሩ አለቀ። አቶ ይማም ግን ከፊርማው በኋላ ነው ሥራ የሚጀምሩት። ወረቀቱን ያጥፉና ዋሱ ቤት ድረስ በእግራቸው ይሄዳሉ። የሄዱት ለሚስቲቱ ስለሆነ፣ የሰው ሚስት ዘንድ ደግሞ ብቻቸውን መሄድ ስለማይወዱ፣ ሴት ነኝና እኔን ያስከትላሉ። ይህ በሥራ ዝርዝሬ ውስጥ የለም። ኃላፊው ሲጠይቁኝ ወረቀት ልሰጥ ነው እያልኩ እወጣ ነበር። እሳቸው ከፊት ይገሰግሳሉ፣ እኔ ከኋላ እሮጣለሁ፤ ዳገት ላይ ሲደርሱ ብቻ ዞር ብለው መኖሬን ያያሉ።

ቤቱ ሲደርሱ ከመድረኩ ውጭ ይቆማሉ። አሰላሙ አለይኩም ይላሉ። ግቡ ይባላሉ፣ አይገቡም። ውሃ ይቀርባል፣ አይጠጡም። ይህ በእኛ አገር እንደ ስድብ ነው፤ እኔ ከጀርባቸው ሆኜ በእፍረት መሬት መሬት አይ ነበር። ከዚያ ሴትዮዋን ያስጠሩና ሁልጊዜ በአንድ ቃል ይጠይቃሉ።

«እትዬ፣ ባለቤትዎ ለሰው ዋስ ሊሆኑ ነው። ያ ሰው የሰው ገንዘብ ቢያጠፋ ወይም ቢሞት ይህ ቤት ይሸጣል። ያውቃሉ?»

አንዳንዷ ታውቃለች። ብዙዎቹ አያውቁም፤ ፊርማው ግን የእነሱ ነው። አንዲት ሴት ወረቀቱን አገላብጣ ካየች በኋላ፣ እኔ እኮ ለጤና መድኑ መስሎኝ ነው የፈረምኩት አለች። ባሏ ከበስተጀርባዋ ሳል ያዘው። አቶ ይማም አመስግነው ወረቀቱን አጠፉ፤ ያ ዋስ በዚያው ቀረ።

በሌላ ቀን ደግሞ ወደዚያው ቤት በእንግድነት ይሄዳሉ። ባለፈው የመጣው ንግድ ጽሕፈት ቤት ነው፣ ዛሬ ይማም ነው የመጣው ብለው ይገቡና የቀረበላቸውን ጠርገው፣ ተጫውተው፣ መርቀው ይወጣሉ። ብዙ ሰው በዚህ ይታረቃቸው ነበር። የማይታረቋቸው በየሻይ ቤቱ ይቀልዱባቸዋል። አንዱ «ይማም እየመጡ ነው፣ ሚስቶቻችሁን ደብቁ» ሲል፣ ሌላው «የደበቅነውስ ከሚስቶቻችን አይደል» ይላል። እሳቸውም ሰምተው ይስቃሉ። መሳቅ ይችሉበት ነበር።

አንድ ጊዜ በመንገድ ላይ፣ ፊርማ እያለ ይህን ሁሉ ለምን እንደሚደክሙ ጠየቅኋቸው። ሳይቆሙ፣ ሴትዮዋ የምትሰማው በሬው በዕዳ ሲነዳ ነው አሉኝ። የትኛዋ ሴትዮ እንደሆነች አልጠየቅሁም። እሳቸውም አልጨመሩም።

የዓሊ ጉዳይ የመጣው በዚህ ሁኔታ ላይ ሳለን ነው። ዓሊ ከሪያድ የተመለሰ፣ የተማረ፣ ሰው የሚወደው ልጅ ነበር። በእኛ አካባቢ ያኔ በየቤቱ አንድ ጭንቀት ነበር፤ አሁንም አለ። ዩኒቨርሲቲ የተማረ ልጅ ለትምህርቱ ከወጣው ከፊሉን ለመንግሥት ይመልሳል። ወጪ መጋራት ይሉታል። ያንን ከፍሎ እስኪጨርስ ኦርጅናል ዲግሪው አይሰጠውም። የሚቀጥረው መሥሪያ ቤት ደግሞ ኦርጅናሉን አምጣ ይለዋል። ሥራ የሌለው ልጅ በምን ይከፍላል? የሚከፍሉለት ዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቹ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ በአንድ ጊዜ አይችሉም። ዩኒቨርሲቲው ሩቅ ነው። ዕዳውን አስቆጥሮ፣ ከፍሎ፣ ደረሰኙን መልሶ ወስዶ፣ ዲግሪውን ይዞ ለመምጣት ስንት ጊዜ መመላለስ አለ። መንገዱ የሚዘጋበት ሰሞንም አለ።

ዓሊ መናኸሪያው አጠገብ ክፍል ተከራየ። ሐሳቡ ከየቤተሰቡ በየወሩ የሚችሉትን እየተቀበለ ማጠራቀም፣ ሲሞላ የሁሉንም ወረቀት በአንድ ቦርሳ ይዞ ሄዶ መክፈል፣ ዲግሪዎቹን ይዞ መመለስ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ዛሬም ጥሩ ሐሳብ ነው እላለሁ። እናቶቹ ገና ፈቃድ ሳያወጣ ደጁን አጣበቡት። የእህቴ ልጅም ስሟን አስመዝግባ ነበር፤ ደሴ አንድ ክሊኒክ ሊቀጥራት ኦርጅናሉን ይጠብቅ ነበርና።

ለፈቃዱ ዋስ ተጠየቀ። የመጀመሪያው ዋስ የዚያች ለጤና መድኑ መስሏት የፈረመችው ሴት ባል ነው። ሁለተኛው ቤቱን ለሌላ ጉዳይ አስይዞት ተገኘ። ሦስተኛው የዓሊ አጎት አያ ሙሔ ሆኑ። የአያ ሙሔ ቤት ከሩቅ ይታያል፤ ብሎኬት ነው፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ በሩ ብረት። ከዚህ ዋስ በላይ ከየት ይመጣል ተባለ። አቶ ይማም ወረቀቱን አጥፈው ተነሱ። እኔም ተከተልኩ።

ያን ቀን አያ ሙሔ በሩ ላይ ሆነው ጠበቁን። ዓሊም ነበር። ከግቢው ውጭ ሦስት አራት እናቶች ቆመዋል፤ ወሬው ቀድሞናል። ሚስታቸው ወይዘሮ ፋጡማ ተጠሩ። አቶ ይማም ያችኑ ጥያቄያቸውን ጠየቁ። ወይዘሮ ፋጡማ ባላቸውን አዩ፣ ቤቱን አዩ፣ ከዚያ መለሱ።

«ቤቱ እኮ የዘሀራ ነው።»

«ካርታው በስሜ ነው» አሉ አያ ሙሔ።

«በስምህ ነው። የዘሀራ ነው።»

ዘሀራ የመጀመሪያ ልጃቸው ናት። ሪያድ በሰው ቤት ትሠራለች። ያ ብሎኬት፣ ያ ሴራሚክ፣ ያ የብረት በር እሷ በላከችው የተሠራ መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። በእሷ ስም ያልሆነው እሷ ስላልነበረች ነው፤ የማንም ቤት እንደዚያ ነው። አቶ ይማም ዘሀራ ታውቃለች ወይ ብለው ጠየቁ። አያ ሙሔ፣ ልጄ ናት፣ እኔ ካወቅሁ አወቀች ማለት ነው አሉ። አቶ ይማም እዚያው መድረኩ ፊት ወዲህ ወዲያ ማለት ጀመሩ፤ ሁለት እርምጃ ወዲህ፣ ሁለት እርምጃ ወዲያ። ከዚያ ይደወልላት አሉ።

ዓሊ በቪዲዮ ደወለ። ልጅቷ የአሠሪዎቿ ማድ ቤት ውስጥ ነበረች፤ ሻርፕዋን እስከ ቅንድቧ አድርጋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች። አባቷ ነገሩን ነገሯት። ለዓሊ ዋስ ልንሆን ነው፣ ቤቱን ልናስይዝ ነው፣ የአገር ልጆች ዲግሪ ሊወጣ ነው አሏት። ልጅቷ አፍታም አልቆየችም።

«እሺ አባ። እርስዎ ካሉ እሺ።»

ዓሊ አልሃምዱሊላህ አለ። ከውጭ ያሉት እናቶች እልል ለማለት ዳድቷቸው ነበር። አቶ ይማም ስልኩን ተቀበሉና ቤቱ ሊሸጥ እንደሚችል ገብቷት እንደሆነ ጠየቋት።

«እሺ ጋሼ።»

«ገብቶሻል ወይ ነው የምልሽ፣ ልጄ።»

«እሺ።»

አቶ ይማም ስልኩን ከፊታቸው አራቁት። ከዚያ ለእኔ ሰጡኝ፤ ይዤያት እንድወጣ፣ ሴት ለሴት እንዳወራት ነገሩኝ። አያ ሙሔ ምን ያወራሉ፣ እሺ ብላለች እኮ ብለው ተቆጡ። እኔ ስልኩን ይዤ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የውሃ ታንከር ሄድኩ። ምን እንደምላት አላውቅም ነበር። ስሜን ነገርኳት፣ መዝገብ ቤት እንደምሠራ ነገርኳት። ሳህን ሲጋጭ ይሰማኛል።

«አባ ይሰማሉ?»

«አይሰሙም።»

የሳህኑ ድምፅ ቆመ። የጠፋች መሰለኝ።

«እትዬ፣ እዚህ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው» አለች። «ከዚህ ስወጣ የምገባበት ሌላ የለኝም። እምቢ ይበሉልኝ።» ወዲያው ደግሞ ቸኮለች። «እምቢ አለች ግን አይበሉ። አባ ልጄ እምቢ አለችኝ ብለው ከሚያዝኑ ቤቱ ቢሸጥ ይሻለኛል።»

የሚጠራት ድምፅ ተሰማ፣ ስልኩም ተዘጋ።

ከታንከሩ እስከ በሩ ሃያ እርምጃ አይሆንም። ያንን ያህል የረዘመብኝ መንገድ የለም። እምቢ በይ ተብያለሁ፣ እምቢ እንዳለች አትናገሪ ተብያለሁ። ሁለቱን አብሮ የሚያስኬድ ቃል አጣሁ። ስደርስ ሁሉም አፌን ያያሉ፤ አያ ሙሔ፣ ወይዘሮ ፋጡማ፣ ዓሊ፣ እናቶቹ። አቶ ይማም ግን ያዩት ፊቴን ነው። አፌን ሳልከፍት ወረቀቱን አጠፉት።

«አያ ሙሔ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አሉ። «አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ገንዘቡን ያወጣው ሰው ውጭ አገር ከሆነ፣ መመሪያው ቤቱን ለዋስትና አይቀበልም። ልጅቱ እሺ ብትልም አይሆንም።»

እንዲህ ያለ መመሪያ የለም። ለጽሕፈት ቤቱ የሚመጣ መመሪያ ሁሉ ቁጥር የሚሰጠው በእኔ እጅ ነው፤ የለም። አያ ሙሔ ደማቸው ፈላ። ታዲያ ለምን አስደወላችሁን ብለው ጮኹ።

«ረስቼው ነው።»

መመሪያ በቁጥርና በአንቀጽ የሚያውቁ ሰው ናቸው ረስቼው ነው ያሉት። ዓሊ ሳቀ፤ የመናደድ ሳቅ ነበር።

ስንመለስ ሁሌም እንደሚያደርጉት ከፊት ከፊት ሄዱ። ዳገቱ ላይ ስደርስባቸው ልጅቷ ያለችውን ልነግራቸው ጀመርኩ። እጃቸውን አነሱ።

«አይንገሩኝ። ካወቅሁ ስጠየቅ እናገራለሁ። አሁን ውሸቱ የእኔ ብቻ ነው። መዝገብ ቤትም አይገባም።»

ትንሽ እንደሄድን የልጆቹ ዲግሪስ አልኳቸው። የእህቴን ልጅ እያሰብኩ መሆኔን ያውቃሉ። ዓሊንስ ምን አይተው ነው የጠረጠሩት አልኩ። ቆሙ። ሄደው የማያውቁ ያህል ቆሙ።

«ዓሊን አልጠረጠርኩም» አሉ። «ዋስ የሚጠራው ለሌባ አይደለም፣ ለሌባ ፖሊስ አለ። ዋስ የሚጠራው ለጨዋ ሰው ነው። ጨዋ ሰው ይታመማል፣ መንገድ ላይ ይሞታል፣ የሰው ገንዘብ በእጁ እንዳለ።» ከዚያ መሄድ ጀመሩ። «ስለ ልጆቹ አይጠይቁኝ። እሱን ገና አላወቅሁትም።»

እስከ መጨረሻውም ያወቁት አይመስለኝም።

አያ ሙሔና ዓሊ አቤቱታ ጻፉ። እናቶቹ ፈረሙበት። ኃላፊው አቶ ይማምን ጠርተው መመሪያውን አሳዩኝ አሏቸው። መመሪያ የለም፣ የራሴ ውሳኔ ነው አሉ። ለምን ሲባሉ ዝም አሉ። እኔን አልጠየቁኝም፤ መዝገብ ቤትን ማን ይጠይቃል። ቢጠይቁኝ ምን እል እንደነበር አላውቅም። ሰው ሳይጠይቀኝም መናገር እችል ነበር፤ እሱንም አልዘነጋሁትም።

የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ደብዳቤው ወደ ግል ማኅደራቸው እንዲገባ ወደ እኔ መጣ። ማኅደሩን አውጥቼ ደብዳቤውን ይዤ ተቀመጥኩ። አቶ ይማም በመስኮቱ አዩኝና መጡ።

«ቁጥር ይስጡት እንጂ ወይዘሮ አስካለ። ሥራ አይደለም እንዴ?»

ቁጥር ሰጠሁት። ቀኑን ጻፍኩ፣ ማኅተሙን አደረግሁ። በዚያ ዓመት ይጠብቁት የነበረው እድገት ለሌላ ሰው ሆነ።

ማስጠንቀቂያው ተሰጥቷቸውም አቶ ይማም ያንን ዋስ አልተቀበሉም፤ ዓሊ እምቢታቸው ሲያሰለቸው ክፍሉን ዘግቶ ደሴ ገባ። እዚያ ተቀጥሮ ይሠራል። እስከዛሬ ስለ እሱ ክፉ ነገር አልሰማሁም፤ የማንንም ገንዘብ አላጠፋም፣ አልታመመም፣ አልሞተም። ዕረፍት የሚነሳኝም ይህ ነው። አንድ ቀን እንኳ አጥፍቶ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ይህን ማሰቤም ያሳፍረኛል።

ከተማው ብዙ አለ። ይማም የሴራሚክ ቤት ስላልሠሩ ቀንተው ነው አለ። የድሃ ልጅ እንጀራ ዘጉ አለ። የእህቴ ልጅ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ ዲግሪዋን በራሷ አመጣች፤ ስትደርስ ክሊኒኩ ሌላ ሰው ቀጥሯል። አቶ ይማም ባገኙኝ ቁጥር የልጅቱ ወረቀት መጣ ወይ ይሉኝ ነበር። መጣ ባልኳቸው ቀን ሥራውስ አሉኝ። ነገርኳቸው። ደህና ይዋሉ ሳይሉኝ ዞረው ሄዱ። ከዚያ በዓመት ፈቃዳቸው የስምንት ልጆች ወረቀት ሰብስበው ዕዳቸውን ሊያስቆጥሩ ወደ ዩኒቨርሲቲው ተነሱ፤ ገንዘብ አልያዙም፣ ወረቀት ብቻ። መንገድ ተዘግቶባቸው የሦስቱን ብቻ አስጨርሰው ተመለሱ። የቀሩት አምስት ልጆች እናቶች ተጸጽተው ነው እንጂ ምን አስኬዳቸው አሉ።

ወደ አያ ሙሔ ቤትም በእንግድነት ሄደዋል። ይህን የነገሩኝ ወይዘሮ ፋጡማ ናቸው። የዓረፋ ዕለት መጥተው ከበሩ ላይ ሰላምታ ሰጡ፣ ዛሬ ይማም ነው የመጣው አሉ። አያ ሙሔ ከውስጥ ሆነው፣ ይማምም ቢሆን ንግድ ጽሕፈት ቤትም ቢሆን ይህ ቤት እንግዳ እንዲቀበል መመሪያ አይፈቅድለትም አሏቸው። ትንሽ ቆመው ሄዱ። በዓመቱ ዓረፋ ደግሞ መጡ። ጡረታ ከወጡም በኋላ መጡ። ወይዘሮ ፋጡማ በመስኮት ያዩዋቸው ነበር፤ ለምን እንደሚመላለሱ አልገባቸውም።

ዘሀራ ባለፈው ዓመት ጠቅልላ ገባች። በዚያ ቤት ትኖራለች፤ ከፊት ለፊት ያለውን ክፍል ሱቅ አድርጋዋለች። መጀመሪያ የተያየነው ገበያ ነው። በጎመን ዋጋ ስከራከር ሰምታ ዞረች። መልኬን አይታ አታውቅም፣ ድምፄን ነው ያወቀችው። እጄን ይዛ ሳመችኝ። ስለዚያ ቀን እሷም አላነሳች፣ እኔም አላነሳሁ። በሌላ ቀን ብቻ፣ ያ ሰውዬ ቤታቸው በየት በኩል ነው ብላ ጠየቀችኝ። አቀስታ ናቸው፣ ታመዋል አልኳት። ሲመጡ ይንገሩኝ አለች። አልመጡም።

ለቅሶው በሦስተኛው ቀን ተቀመጠ። ድንኳኑ ከቤታቸው ፊት ነበር፤ በየመሃሉ ቁርዓን ይቀራል፤ እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ። አያ ሙሔም ከጎረቤት ጋር መጡ። ቂም ለቅሶ ቤት አይገባም። ዘሀራ ከሴቶቹ ጋር ውሃ ታቀርብ ነበር። ወንዶቹ ስለ ሟች ያነሳሉ፤ አካሄዳቸውን፣ ቆመው መጻፋቸውን። ስለ ሚስቶቹ ጥያቄ ሲነሳ ለቅሶ ቤት መሆኑ ተረስቶ ተሳቀ። ባለቤታቸውም ፈገግ አሉ። ከዚያ አንዱ የዓሊን ነገር አነሳ። ሁሉም አያ ሙሔን አዩ።

አያ ሙሔ ቀስ ብለው ተናገሩ። አላህ ይርሐማቸው፣ ደህና ሰው ነበሩ አሉ። ያንን የሌለ መመሪያ ከየት እንዳመጡት ግን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው፤ የስንቱን ልጅ ነገር አበላሹ፤ ቢሆንም እኔ አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያለሁ አሉ። የአቶ ይማም ባለቤት ሻርፓቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሳሁ። የተነሳሁት ልናገር ነው ወይስ ልወጣ፣ እስካሁን ለይቼ አላውቀውም።

ዘሀራ የያዘችውን ጆግ መሬት ላይ አስቀመጠች።

«እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ አባ።»

«ምኑን?» አሉ አያ ሙሔ።

«ቤቱን። ያኔ በስልክ። ለእርስዎ እሺ ካልኩ በኋላ ለእትዬ አስካለ እምቢ ብያለሁ። እንዳይነግሩብኝም ለምኛለሁ። ሰውየው ወደ ራሳቸው ወሰዱት።»

አያ ሙሔ ወደ እኔ ዞሩ። ድንኳኑ ሁሉ ዞረ። እውነት ነው አልኩ። በስድስት ዓመት ውስጥ ስለዚህ ነገር የተናገርኩት ይህን ብቻ ነው፤ እሱንም ሌላ ሰው ከጀመረው በኋላ።

አያ ሙሔ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩዋት። አልተቆጡም።

«ያኔ እምቢ ብትዪኝ እኮ…» አሉ። ከዚያ አቆሙ።

ዘሀራ ቆማ ጠበቀች። ሁላችንም ጠበቅን። አያ ሙሔ ወደ ሟች ባለቤት ሄደው ጎንበስ ብለው የማይሰማ ነገር ተናገሩ፤ እሳቸውም አብሽር፣ አይዞህ፣ ተቀመጥ አሏቸው። ተቀመጡ። ቁርዓኑ ቀጠለ።

ትናንት ወይዘሮ ፋጡማን አግኝቻቸው ነበር። ቤት ውስጥ ሰላም ነው አሉኝ። ባለቤታቸው ግን ማዕድ ላይ አንዳንዴ «ያኔ እምቢ ብትዪኝ እኮ» ብለው ይጀምራሉ። ዘሀራ እጇን ከገበታው ታነሳና ትጠብቃቸዋለች። እስካሁን አልጨረሱትም።